ታዲያ የት ገባች?

አንድ ቅዳሜ ማታ ቤታችን ውስጥ አንዲት አሜሪካዊት አብራሪ ጠፋችብን። አቦል ሲቀዳ ኒው ጊኒ ውስጥ ላኤ ከምትባል ከተማ ተነሣች። ቶና ላይ ነዳጇ እያለቀ፣ ሬዲዮዋ እየተቆራረጠ ነበር። በረካ ላይ ሰው ከማይኖርባት አንዲት ደሴት አጥንት ተገኘ ተባለና ሁላችንም ሲኒያችንን እንደያዝን ደርቀን ቀረን። ሲኒው ታጥቦ ረከቦቱ ሲሸፈን ግን ሴትዮዋ አልተገኘችም። ባሕሩን ከላይ አሳዩን፤ ሙዚቃው ከፍ ብሎ ዝቅ አለ፤ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ከታች ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

አማቴ ነጠላቸውን መልሰው ተከናነቡና ማታውን ሙሉ ሲያስተረጉሙት ወዳመሹት ወደ ልጄ ዞሩ።

«ታዲያ የት ገባች?»

«አይታወቅም እማማ።»

«ማነው የማያውቀው?»

«ፊልሙን የሠሩት።»

አማቴ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ዲሹን ያስገባሁት እኔ ነኝና ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ ያርፋል። «የማያውቁትን ነገር ነው እንዴ ልጄ ሲያወሩልን ያመሹት?»

መልስ አልነበረኝም። አሚሊያ ኤርሃርት ዓለምን በአውሮፕላን ልትዞር ስትበር፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1937 ከነአቅጣጫ መሪዋ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ እንደወጣች ቀርታለች። ይሄን ደግሞ ገና አቦሉ ሳይቀዳ፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ነግረውናል። ከአንድ ሰዓት በኋላም የምናውቀው ያንኑ ነው። በመሃል የተጨመረልን ነገር ቢኖር የአንድ ተመራማሪ ረጅም ጢም፣ ዝገት የበላው አንድ ቁራጭ ብረትና «ከዕረፍት በኋላ እንመለሳለን» የሚል ተስፋ ነው።

እኛ ልጆች ሳለን እንቆቅልሽ ሕግ ነበረው። አንዱ «እንቆቅልህ?» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ!» ይላል፤ ጥያቄው ይወርዳል። ያወቀ ይመልሳል፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል። ጎንደርን ስትሰጠው ካላማረው አይቀበልህም፤ ጎጃምን ትጨምርለታለህ። እኔ ከአክስቴ ልጅ ጋር ስጫወት በአንድ ምሽት ወሎንና ከፋን አስረክቤ፣ የቀረችኝን አዲስ አበባን እያለቀስኩ የሰጠሁበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ አገሩን የተረከበው ሰው ተንደላቆ ተቀምጦ፣ ትንሽም አላግጦብህ፣ በመጨረሻ መልሱን የመንገር ግዴታ ነበረበት። ጠያቂ መልሱን በጉያው ይዞ ነው የሚመጣው። አገርህን ተቀብሎ «እኔም አላውቀውም፤ ምናልባት አንድ ቀን ይታወቅ ይሆናል» የሚል ልጅ በሰፈራችን አልነበረም። ቢኖርም በኩርኩም ተሸኝቶ ነበር ወደ እናቱ የሚመለሰው።

አማቴ የገረማቸው ያኔ ለነገሩ አዲስ ስለነበሩ ነው። እኔ በዚህ ዓይነቱ ዶክመንተሪ የተቃጠልኩት ዛሬ አይደለም። በቴሌቪዥን ብቻ ቢሆን ደግሞ ባልከፋ። አንድ ቀን ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። ትረካው እ.ኤ.አ. በ1959 በኡራል ተራሮች ላይ ስላለቁት ዘጠኝ ሩሲያውያን ነበር። በፌብሩዋሪ ብርድ፣ በሌሊት፣ ድንኳናቸውን ከውስጥ ቀደው ወጥተዋል፤ ጫማ እንኳ ያላደረጉ ነበሩባቸው። ተራኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዞን ሄደ። ሲኤምሲ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ከኋላዬ ያሉት ሴትዮም መውረጃቸው አልፏቸው እንደነበር በኋላ ነው የተረዳሁት። አያት ደረስን። ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ሬዲዮውን ግን ሳያጠፋ ተቀመጠ። ረዳቱ በሩን ይዞ ቆመ። ተራኪው በረጅሙ ተነፈሰና «…ምስጢሩ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልተፈታም» ብሎ ተሰናበተን። ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ዝምታ የለቅሶ ቤት ዝምታ ነበር። በመጨረሻ ረዳቱ «እና እኛን ለምን አስቀመጠን?» አለ። ሴትዮዋና እኔ ለመመለሻ እንደገና ከፈልን።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ፤ ለዚያ ነገር ከሞላ ጎደል መልስ ተገኝቶለታል። በ2021 በስዊዘርላንድ ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች ድንኳኑ በተተከለበት ተዳፋት ላይ ትንሽ የበረዶ ናዳ ሊነሣና በሰዎቹ ላይ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል በስሌት አሳዩ። ስሌቱን የሠሩት ደግሞ ልጆቻችን የሚያዩት ፍሮዝን የተባለው ፊልም በረዶው በኮምፒውተር ከተሠራበት ዘዴ ተውሰው ነው። ለእኔ ይሄ ከድንኳኑ መቀደድ የበለጠ ጥሩ ወሬ ነው። ግን «በረዶ ነው» ብሎ የሚያልቅ ትረካ ማንንም አያት ድረስ አይወስድም።

የሙያውን አሠራር ከብዙ ዓመት መጎዳት በኋላ ለይቼዋለሁ። የአንድ ሰዓት ዝግጅት ማስታወቂያው ሲወጣለት አርባ ምናምን ደቂቃ ነው። ከየማስታወቂያው በፊት ተራኪው አሁን የሚመጣው ነገር እስከ ዛሬ የምናውቀውን ሁሉ እንደሚገለባብጠው ይናገራል። ከማስታወቂያው በኋላ ያየነውን ከመጀመሪያው ይደግምልናል፤ ሪሞቱን አሁን ላነሣ ሰው ሲባል። ልክ እንደ ዕድር ስብሰባ፣ አርፍዶ ለመጣ ሁሉ ከሀ ይጀመራል፤ በሰዓቱ የመጣ ሰው ይቀጣል። በመሃል በጭጋግ ውስጥ የሚሄድ ሰው ይታያል፤ ፊት የለውም፤ ጫማ ብቻ ነው። ከዚያ ባለሙያው ይቀርባል። ባለሙያው ምን እንደሚያምን አይጠየቅም። የሚጠየቀው ሊክደው የማይችለው ምን እንደሆነ ነው። «ሊሆን አይችልም ማለት አልችልም» ይላል ምስኪኑ፤ ያቺኑ ይዘው ይሄዳሉ።

ይሄን ሁሉ ልጄ ለአያቱ ሲተረጉም ነው የጉዱ ልክ የታወቀኝ። እንግሊዝኛው በወፍራም ድምፅና በከበሮ ታጅቦ ሲመጣ ትልቅ ነገር የተባለ ይመስላል። አማርኛው ግን ራቁቱን ያስቀረዋል።

«ምን አለ?»

«ጃፓኖች ማርከዋት ሊሆን ይችል ይሆን? አለ።»

«ማንን ነው የሚጠይቀው?»

«እኛን እማማ።»

«እኛ ምን አውቀንለት!»

ሳያስቡት የእንቆቅልሹን መልስ መለሱ። ቀጥሎ አገር መስጠት ነበር የቀረን።

ጃፓኖች ማርከዋታል የሚለውን ካነሣን አይቀር፣ በጁላይ 2017 አንድ የታወቀ የአሜሪካ ጣቢያ ማርሻል ደሴቶች ላይ የተነሣ አንድ ደብዛዛ ፎቶግራፍ ይዞ የሁለት ሰዓት ፊልም አስተላለፈ። ወደብ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠች ሴት አለች፤ እሷ ናት ተባለ። የፊት ገጽታ መርማሪ መጣ፤ የፀጉር መስመር ተለካ፤ የትከሻ ስፋት ተለካ። ፊልሙ በታየ በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ጃፓናዊ ያንኑ ፎቶግራፍ ስለ አካባቢው ደሴቶች በተጻፈ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ አገኘው። መጽሐፉ የታተመው በ1935 ነው፤ ሴትዮዋ ከመጥፋቷ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ። ሰውየው ፍለጋው ግማሽ ሰዓት ገደማ እንደፈጀበት ተናገረ። ግማሽ ሰዓት እንግዲህ የእኛ የአቦልና የቶና ጊዜ ነው። ይሄን ለአማቴ ስነግራቸው በእርሱ አልሳቁም። «እሱን ልጅ ነበር ፊልሙን ማሠራት» አሉ።

ከታችኛው ቤት ያሉት ጎረቤታችን ጋሼ በፖሊስ መርማሪነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለቡናው ብለው ይመጣሉ፤ ለፊልሙ ነው አይሉም። የእሳቸው ቅሬታ ከእኛ ይለያል። የእሳቸው ሙያዊ ነው። «ምርመራው ሳይጠናቀቅ መዝገቡ ለምን ቀረበ?» ይላሉ በየጊዜው፣ ተራኪው ከፊታቸው የቆመ ተረኛ መርማሪ ይመስል። ስለ አል ካፖን ካዝና የነገርኳቸው ቀን ግን ሙያቸውም አላዳናቸውም።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 21 ቀን 1986 ቺካጎ ውስጥ የሆነ ነው። ካፖን የተባለው የወንበዴዎች አለቃ በጉልበቱ ዘመን ይኖርበት በነበረ ሌክሲንግተን በሚባል አሮጌ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ በግንብ የተደፈነ ክፍል ተገኘ ተባለ። ጄራልዶ ሪቬራ የሚባል ጋዜጠኛ በቀጥታ ሥርጭት ላስከፍተው ነው አለ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ። አስከሬን ቢገኝ ተብሎ የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ተጠራ። ገንዘብ ቢገኝ ተብሎ የግብር ሰዎች ቆሙ። ካፖን በ1931 የተፈረደበት በግድያ ሳይሆን በግብር ነበርና፣ ከሞተም አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል የግብር ሰዎች አልረሱትም። (እዚህ ላይ ጋሼ «የግብር ሰው የትም አገር አንድ ነው» አሉ።) ወደ ሠላሳ ሚሊዮን ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮለኮለ። ተቆፈረ፤ ፈንጂ ፈነዳ፤ አቧራ ተነሣ። የወጣው አፈርና ጥቂት ባዶ ጠርሙስ ነው።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እንዴት ያለ ጅል ነው ባካችሁ! ፍተሻ ስትሄድ መጀመሪያ ብቻህን ገብተህ ታያለህ፤ ከዚያ ነው ታዛቢ የምትጠራው።»

ጅል ግን አልነበረም ጋሼ። ሰውየው በዚያ ማታ ውርደት ሥራው የሚያልቅ መስሎት ነበር ይባላል፤ የሆነው ተቃራኒው ነው። እንደዚያ የታየ ልዩ ዝግጅት በዓይነቱ አልነበረም። በዓመቱ በራሱ ስም የሚጠራ የዕለት ተዕለት የውይይት ፕሮግራም ተሰጠው። ከዚያች ማታ ጀምሮ የቴሌቪዥን ሰዎች አንድ ነገር ተምረዋል ብዬ አምናለሁ፤ የሚሸጠው ካዝናው ነው እንጂ በውስጡ ያለው አይደለም። ተመልካች ባዶ መሆኑን ሲያውቅ ማስታወቂያው ታይቶ፣ ሒሳቡ ተከፍሎ አልቋል። ባዶ ጠርሙስ ከወርቅ ጋር እኩል እንደሚያሳይ ካወቁ ወዲያ ወርቅ ለምን ይፈልጉ?

የዚህ ትምህርት የክብር ምሩቅ ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ያለችው ኦክ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1795 አንድ ወጣት ዛፍ ሥር የሰረጎደ መሬት አይቶ መቆፈር ጀመረ ይባላል። እነሆ እስከ ዛሬ ይቆፈራል። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሳይቀር በ1909፣ በወጣትነቱ፣ ከቆፋሪዎቹ ጋር ገብቶበት ነበር። በቁፋሮው ስድስት ሰዎች ሞተዋል፤ ሰባተኛው ካልሞተ ሀብቱ አይገኝም የሚል አፈ ታሪክም አለ። በ2014 ሁለት ወንድማማቾች ቁፋሯቸውን በቴሌቪዥን ማሳየት ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየተመለሱ ከአሥር ወቅት በላይ አሳይተዋል። አንድ ሳንቲም ሲያገኙ ሙዚቃው የወርቅ ነው። አንድ ጥርብ እንጨት ሲያወጡ ሁሉም ኮፍያውን አውልቆ ይቆማል። በበጎነት ላስበውና ሰዎቹ የልባቸውን ያምናሉ፤ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። እኔን የገደለኝ ከክፍል ክፍል እየቆጠርኩ አራተኛ ዓመታቸው ድረስ መከታተሌ ነው።

አማቴ አንዱን ክፍል ብቻ አይተው ፈረዱበት። የእኛ ሰፈር መንገድ ሁለት ክረምት ሙሉ ተቆፍሮ ከርሟልና ቁፋሮ ያውቃሉ። «የእኛዎቹ ቢያንስ የውሃ ቧንቧ አግኝተዋል» አሉ። አዎ፤ አግኝተው በጥሰውታል።

የሚገኝበትም ጊዜ አለ፤ ሐሰት አልናገርም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2012 ሌስተር ከተማ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ቆፍረው፣ በ1485 ጦር ሜዳ ላይ የወደቀውን ንጉሣቸውን ሦስተኛውን ሪቻርድን አገኙት። አጥንቱ በቁፋሮው በመጀመሪያው ቀን ነው ብቅ ያለው። በዘር ምርመራ አረጋግጠው በፌብሩዋሪ 2013 ይፋ ሲያደርጉ ፊልሙም አብሮ ታየ። ጠፋ፤ ተቆፈረ፤ ተገኘ፤ አለቀ። ይሄን ፊልም ያየሁት ከባለቤቴ ጋር ነበር። ሲያልቅ «ጥሩ ነው» አለችኝ፣ «ጥሩ ነው» አልኳት፤ ተኛን። ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም። ስለ ኦክ ደሴት ግን አሁንም እንጣላለን። ይሄ በእኔ ላይ የሚመሰክር ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጽፌዋለሁ።

ወደ እኛ አገር የሚመጡትን ደግሞ እዩአቸው። ስለ ታቦተ ጽዮን የተሠራ የውጭ ዶክመንተሪ ካያችሁ ሁሉንም አይታችኋል። ሲጀምር ኢየሩሳሌም ነው፤ ችቦ ይዞ በዋሻ የሚሄድ ሰው አለ። ቀጥሎ አውሮፕላን ያርፋል። ከዚያ ለምን እንደሆነ ባይገባኝም ሰሜን ተራራ ላይ ጭላዳ ይታያል። ላሊበላ ይታያል። በጀልባ ጣና ቂርቆስ ይኬዳል። ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ አክሱም ይደረሳል፤ ጋዜጠኛው የብረት አጥሩን ይዞ ይቆማል፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ይጠይቃል፤ አይፈቀድለትም። ከዚያም ወደ ካሜራው ዞሮ ምናልባት ፈጽሞ ላናውቅ እንችላለን ይላል፤ በታላቅ ሐዘን።

ይሄን ሁሉ ወጪ ከማውጣቱ በፊት ቢደውልልኝ በነጻ እነግረው ነበር። ጠባቂው መነኩሴ አንድ ናቸው፤ እስከ ዕለተ ዕረፍታቸው ከቅጥሩ አይወጡም፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አያይም። ይሄን አክሱም ውስጥ ቆሎ የሚሸጥ ልጅ ያውቀዋል። ሰውየው ኢትዮጵያ ድረስ የመጣው ያልተቆለፈ በር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር ለማለት ከሆነ፣ የሱ እንጂ የበሩ ጥፋት አይደለም።

እኔ እንደዚህ እየተንጨረጨርኩ ሳለሁ አማቴ ምን ሲያደርጉ አገኘኋቸው መሰላችሁ? ተነሥተው ቆመዋል። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ቤተ ክርስቲያኗ ስትታይ ሦስት ጊዜ አማተቡ። ፊልሙ አልቆ እንኳ ፊታቸው እንደበራ ነው።

«እማማ፣ ይሄኛውም እኮ ምንም ሳያገኝ ነው ያለቀው» አልኳቸው።

«እኔ ደጇን ተሳልሜያለሁ። እናንተ ደግሞ ምን ፈልጋችሁ ነው?»

ምን እንደፈለግሁ ለራሴም ግልጽ የሆነልኝ ሌላ ቀን ነው፤ የዚያን ቀን አልሳቅንም። ስለ ማሌዢያው አውሮፕላን ነበር፤ ማርች 8 ቀን 2014 ከኳላ ላምፑር ወደ ቤጂንግ 239 ሰው ይዞ ተነሥቶ የቀረው። በ2015 ሬዩንየን ደሴት ዳርቻ ላይ የክንፉ ቁራጭ ተገኝቷል፤ ዋናው አካሉ ግን አልተገኘም። በ2023 የወጣው ባለ ሦስት ክፍል ፊልም ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መላምት ያድላል፤ አብራሪው ነው፣ ጠላፊዎች ናቸው፣ ተመትቶ ወድቆ ነው። በየመላምቱ መሃል ወላጆች፣ ሚስቶች፣ ባሎች ይቀርባሉ። ያለቅሳሉ። ከዚያ ሙዚቃው ይነሣና ወደሚቀጥለው መላምት ይኬዳል። አማቴ ልጄን መተርጎም አስቆሙት። «ለቅሶውን ተወው፤ ይገባኛል» አሉ።

ያን ማታ ጋሼም ነበሩ። ወሬው ከአውሮፕላኑ ተነሥቶ ወደ በዓሉ ግርማ ሄደ። እንዴት እንደሄደ አላውቅም፤ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ወሬ ብዙ ጊዜ መድረሻው እዚያ ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ማታ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ፎልስቫገኑ በደብረ ዘይት መንገድ ቆማ ተገኘች። ልጄ ስልኩን አውጥቶ ስለ እሱ የተሠራ ዶክመንተሪ እንዳለ ሲፈልግ ጋሼ እጁን ያዙት።

«ይሄኛው ምስጢር አይደለም» አሉት። «ምስጢር የሚባለው ማንም የማያውቀው ነው። ይሄን የሚያውቅ ሰው ነበረ።»

ሌላ አልጨመሩም፤ ቡናቸውንም ሳይጨርሱ ተነሡ።

እንግዲህ ቅሬታዬ መልስ ስለጠፋ አይደለም። መልስ የሌለው ነገር እንዳለ እኔም ዕድሜዬ ያስተማረኝ ነው። ጠዋት «አላገኘነውም፤ እስከ ደረስንበት ድረስ ግን እንንገራችሁ» ያለኝን ሰው እስከ ማታ ተቀምጬ እሰማዋለሁ። የማይዋጥልኝ እንደሌለው እያወቀ በየአሥር ደቂቃው ኪሱን የሚያሻሸው ነው።

ስለ ዲ ቢ ኩፐር ሳልነግራችሁ ባልፍ ግን ቤተሰቤ ይታዘበኛል፤ በዚህ ቤት በዶክመንተሪ የተደሰትንበት ጊዜ እሱ ብቻ ነውና። ሰውየው ኖቬምበር 24 ቀን 1971 በአሜሪካ አንድ ቦይንግ 727 ጠልፎ፣ ሁለት መቶ ሺህ ዶላርና ፓራሹት ተቀብሎ፣ መንገደኞቹን ካስወረደ በኋላ በሌሊት፣ በዝናብ፣ በአውሮፕላኑ የኋላ ደረጃ ዘሎ ወረደ። በ1980 አንድ ልጅ ኮሎምቢያ ወንዝ ዳር 5,800 ዶላር በስብሶ አገኘ፤ ከዚያ ሌላ ከገንዘቡ የተገኘ የለም። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ2016 ፍለጋውን አቆመ። በ2022 የወጣው ተከታታይ ፊልም ርዕሱ ራሱ «የት ነህ?!» ነው፤ ርዕሱ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ፊልም ውስጥ መልስ አትፈልጉ፤ መልስ ቢኖረው ርዕሱ ላይ አይጠይቅም ነበር።

እኛ ያየነው ሌላውን ነበር፤ በዲሽ የመጣውን። ተራኪው አራት ተጠርጣሪ ካቀረበ በኋላ «ከዕረፍት በኋላ» አለ፤ ማስታወቂያ ሄደ፤ ማስታወቂያው አልቆ ሙዚቃው ሲጀምር መብራት ጠፋ። ሻማ ተፈለገ። አማቴ በጨለማው ውስጥ «አሁን ሊነግሩን ነበር እኮ!» አሉ። ሁላችንም አመንን።

ሦስት ሳምንት ቆየን። እንደዚያ ያለ ሦስት ሳምንት በቤታችን አልነበረም። ጋሼ ሰውየው የአየር መንገዱ የቀድሞ ሠራተኛ ነው ብለው መዝገቡን ዘጉ፤ ደረጃው ከኋላ እንደሚከፈት ተራ ሰው ከየት ያውቃል? ባለቤቴ ገንዘቡ ወንዝ ዳር የተገኘው ራሱ ጥሎት ነው፣ ሞቷል እንዲባል ነው አለች። ልጄ ወንዙ ውስጥ ነው የወደቀው አለ። አማቴ ግን ትዳር ይዞ ልጆች እንዳሳደገ አልተጠራጠሩም፤ «ያን ያህል ብር ይዞ ማን ብቻውን ይኖራል?» ብለው። እራት ላይ እንከራከራለን። ጋሼ በሥራ ቀንም ይመጡ ጀመር።

በአራተኛው ቅዳሜ ልጄ ፊልሙን ከኢንተርኔት አወረደው። የቀረችንን አምስት ደቂቃ በስልኩ ዙሪያ ተደፍተን አየናት። ጫካው ከላይ ታየ። ዝናብ ዘነበ። ተራኪው ምናልባት አንድ ቀን አለ። የስም ዝርዝሩ ወጣ።

አማቴ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «ጨለማው ይሻለን ነበር» አሉ።

ስለዚህ ይህን ዓይነት ፊልም ለምትሠሩም ለምታስተላልፉም ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልመና አለን። ሲጀምር፣ ከርዕሱ ሥር፣ በሲጋራ ፓኮ ላይ እንዳለው ማስጠንቀቂያ፣ «አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉልን። ማየታችንን አንተውም፤ ቡናውም እንደወትሮው ይፈላል። እስከዚያው ጎንደርን፣ ጎጃምንና ወሎን ሰጥተናችኋል። እማማ ሐረርን አልሰጥም ብለዋል።